የመቃብር ቆፋሪው ሳቅ

ኮሪን በቡርባንክ ከተማ ለአንድ የካርቱን ተከታታይ ፊልም ድምፅ ታቀናብራለች። በፊልሙ ውስጥ ሙታንን እየቀበረ የሚቀልደውን መቃብር ቆፋሪ በድምፁ የሚጫወተው ባሏ ድዌይን ነበር፤ በሚያዝያ አረፈ። ሃሎዊን በተባለው የመናፍስት በዓል በሚተላለፈው ክፍል ደግሞ ቆፋሪው መንፈስ ሆኖ ከገዛ ጉድጓዱ እየሳቀ ይወጣል።

"ሌላ ተዋናይ ልጥራ እንዴ?" አላት አዘጋጁ ራስል። "እንዳይከብድሽ ብዬ ነው።"

"የሱን ሳቅ ማን ይስቀዋል? ከድሮው ቅጂ ፈልጌ አወጣዋለሁ" አለችው።

ስታዳምጥ ሰንብታ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አገኘችው። ድዌይን እስኪያስለው ድረስ ይስቅና ትንፋሹን ሰብስቦ፣ "የኔ እመቤት፣ አስፈራሁሽ ወይስ ልድገመው?" ይላታል። በተቀረጸበት ዕለት "ይበቃል፣ ምሳው ይቀዘቅዛል" ብላው ነበር።

ሳቁን ለፊልሙ ቆርጣ አስቀመጠች። ጥያቄውን ግን ደጋግማ ሰማችው። በመጨረሻ በመስታወቱ መስኮት ወደ ባዶው መቅረጫ ክፍል እያየች፣ "ድገመው" አለች ቀስ ብላ።

ራስል በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "እኔን ነው?" አላት።

"አይ፣ አንተን አይደለም።"

ራስል ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና እስኪመሽ አብረው አዳመጡት።