የሙሐዲን ሐላዋ ድምፅ

ሙሐዲን ለሐላዋ ድርጅቱ በንግድ ምልክትነት የሚያስመዘግበው የድምፅ ምት ፈልጎ፣ አንድ ትሪ ሐላዋ ይዞ አክስቱ ዋፊቃ ዘንድ ሄደ። እሳቸው በዚክር ላይ ለመንፈሳዊው ዜማ እንጨት ሲያጋጩ የሐረር ጀጎል ግንብ እንኳ ጆሮውን የሚሰጥ ይመስለዋል።

ድምፁን ለመቅረጽ ስልኩን ደቀነ። ዋፊቃ እንጨቶቹን ገና ሲያጋጩ፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጎረቤቶች እንደ ልማዳቸው እያጨበጨቡ ተቀበሏቸው።

«ይሄንንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ምቱ የኔ ብቻ ካልሆነ መሥሪያ ቤቱ አይመዘግብልኝም» አለ ሙሐዲን ተናዶ።

«ታዲያ ምን ቸገረህ?» ብለው ዋፊቃ የሐላዋውን መቁረጫ ቢላዋ አነሡና በትሪው ጠርዝ ላይ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ምት መቱ።

«ማሻአላህ» አለ ሙሐዲን በአድናቆት። ቀረጻውን ሊያቆም ጣቱን ሲሰድ ግን፣ ከግድግዳው ማዶ ማንኪያና ድስት ያንኑ አዲስ ምት አሳምረው መለሱ።

ጣቱን ሰበሰበ። ከነመልሱ አስመዘገበው።