የኋላ ማርሽ

ልብስ ሰፊዋ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ትራክተር ልትማር ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ የሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ የኖረች ሴት ነች። ከከተማው ዳር ያለችው የአትክልት ማሳ የታናሽ ወንድሟ ጉዳይ ነበረች። የገበሬዎች ማኅበሩ ከኋላ እየተከተሉ በእጅ የሚነዱትን ባለሁለት ጎማ ትራክተር አስመጥቶ «ከየቤቱ አንድ ሰው ሦስት ቀን ይሠልጥን» ሲል የተመዘገበውም እሱ ነው። ሥልጠናው ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ጣሪያ ሊጠግን ወጥቶ ወደቀና ክንዱን ሰበረ።

«እታለም፣ አንቺ ሂጂልኝ» አላት፣ በጀሶ የታሰረ ክንዱ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ።

«አብደሃል እንዴ? እኔና ትራክተር ምንና ምን ነን?»

«ያልሠለጠነ ቤት ተራ አይደርሰውም ተብሏል። ማሳችን ጦሙን ሊያድር ነው። ደግሞ አንቺ ሞተር ታውቂያለሽ።»

«የስፌት መኪና ሞተር እኮ ነው የማውቀው!»

«ሞተር ሞተር ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅ ሆኖም ሲያኮርፍ እንዲሁ ነበር። ሄደችለት።

ሥልጠናው ከማኅበሩ መጋዘን ጀርባ፣ በድንጋይ አጥር በተከበበ ባዶ መሬት ላይ ነበር። ሠልጣኞቹ ስምንት ሲሆኑ ሰባቱ ወንዶች ናቸው። አሠልጣኙን ሰው ሁሉ «ብረቱ» ነው የሚለው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሃያ ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ ነው። ገና እንደተሰለፉ በርከክ ብሎ አንድ ቡሎን እያየ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እትዬ፣ አሥራ ሰባት ቁልፍ አቀብይኝ።»

«አሥራ ሰባት ሙሉ?» አለች ደንገጥ ብላ። «የምን ኮት ቢሆን ነው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ብረቱም እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ከነቁጥሩ አሳያት። ያን ዕለት ወደዳት ማለት ይቻላል።

ሞተሩን አስነስቶ እጀታውን ሲያስጨብጣት ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ማሽኑ ከሥሯ ያጓራል፤ ንዝረቱ ከመዳፏ ተነስቶ ጥርሷን ያንገጫግጫል። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ ስትባል በአንዴ ለቀቀችው። ትራክተሩ ዘሎ ተነሳ። ቆሌዋ ተገፈፈ፤ እጀታውን የሙጥኝ ብላ፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተበትኖ፣ እየተጎተተች ግማሹን መሬት አቋረጠች።

«ልቀቂው! ልቀቂው እንጂ!» እያለ ብረቱ ይሮጣል።

ለቀቀችው። ማሽኑ ወዲያው ቀጥ አለ።

«አየሽ?» አላት፣ ከእጀታው ሥር ያለችውን ቀይ መያዣ እያመለከተ። «ነፍስሽን የምትጠብቀው ይቺ ናት። ጨብጠሽ እስከያዝሻት ይሄዳል፣ ስትለቂያት ይቆማል። ከዚህ ሁሉ ብረት ውስጥ የሰው ወዳጅ እሷ ብቻ ናት።»

በሁለተኛው ቀን የማረሻው ተራ ነበር። እንዴት እንደሚገጠም፣ ጥልቀቱ እንዴት እንደሚለካ፣ ጥግ ላይ ሲደርሱ እንዴት እንደሚዞሩ ተማሩ። ልብስ ሰፊዋ ራሷን አስደነቀች። ትልሟ ቀጥ ያለ ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ቀጥ ያለ ስፌት የሰፋ ዓይን መሬት ላይም አይጣመምም። ሞተሩ የስፌት መኪናዋ ቀበቶ ሲላላ እንደሚያደርገው ሲያቃጭልባት «ቺንጋው ላልቷል መሰለኝ» አለች። ብረቱ ክዳኑን ከፍቶ አየና ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እውነትም ላልቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ነገር አየች። ብረቱ ለማሳየት እጀታውን ከመያዙ በፊት ከኪሱ ቀጭን ሽቦ አውጥቶ ቀይዋን መያዣ ከእጀታው ጋር ጠፍሮ አሰራት።

«መምህር፣ ምነው አሰሯት?» አለችው።

«ለጀማሪ ናት እሷ» አለ ሳያያት። «አንቺ ለመርፌ ጣትሽ ላይ ቆብ ታደርጊ ይሆናል፤ እኔ ግን ጣቴ ራሱ ቆብ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ዝም አለች።

በሦስተኛው ቀን ማረሻው ተፈትቶ የአፈር ማለስለሻው ተገጠመ። እንደ ማጭድ የተቆለመሙ ስለቶች በአንድ ዘንግ ላይ ይሽከረከራሉ፤ ጓሉን አፈር ዱቄት ያደርጉታል። ጠዋት ብረቱ ራሱ ጣቱን ቀስሮ «ስለቱ እየዞረ የኋላ ማርሽ የሚያስገባ ሰው እግሩን አይወድም ማለት ነው። መጀመሪያ ስለቱን አቁሙ፣ ከዚያ ወደ ኋላ» ብሏቸው ነበር።

ይህን በተናገረ በሁለት ሰዓቱ፣ ከአጥሩ ጥግ ማሽኑን እንዴት እንደሚያወጡ ሊያሳይ ገባ። ጀርባው ለአጥሩ ነው። ሽቦው እንደታሰረ ነው። በግራ እጁ ማርሹን ቀየረ፤ በቀኙ ስለቱን የሚያቆመውን ዘንግ ሊስብ ሲል እጁ ሸርተት አለ። ማሽኑ ወደ ኋላ ዘለለ።

ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያ የሰማችው ጩኸት የሰው አልመሰላትም። እጀታው የብረቱን ደረት ከድንጋዩ ጋር አጣብቆታል፤ ከታች ስለቶቹ በቦቲ ጫማው ላይ ወጥተዋል። ሰባቱ ወንዶች እንደ እንጨት ደርቀው ቀሩ። እሷም ደርቃ ቀረች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እስከ ዛሬም አታውቀውም፤ አንድ ትንፋሽ ይሁን አሥር። ብቻ የጎኗ ሠልጣኝ፣ ጡረታ የወጣ አንድ ዘበኛ፣ «ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ!» ሲል ሰማችና እግሯ ተንቀሳቀሰ።

እጇ መጀመሪያ ወደ ሽቦው ሄደ። ሽቦው አልፈታ አለ። ተወችውና ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ወደ ዜሮ ገፋችው። ሞተሩ ሁለቴ ሳለ። ሞተ።



ሰዎቹ ነቁና ማሽኑን ገፍተው አነሱለት። ጫማው ጫማ መምሰሉን አቁሟል። ሻርፗን ከአንገቷ ላይ አውልቃ ከጉልበቱ በታች ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት። እጇ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። በጭነት መኪና ጭነው ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት እሷ ከአጥሩ ሥር ቆማ የጠፋችውን ነጠላ ጫማዋን ትፈልግ ነበር፤ ጫማዋ ግን እግሯ ላይ ነበረች።

ከአደጋው በኋላ በአምስተኛው ቀን ከማኅበሩ ደብዳቤ ደረሳት። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ተቀምጣ ጨረሰች። «ሠልጣኟ ያለ አሠልጣኙ ፈቃድ የኋላ ማርሽ በማስገባቷ በደረሰው ከባድ አደጋ ምክንያት ከማሽኑ ተጠቃሚነት ታግዳለች፤ ጉዳዩም ይጣራል» ይላል።

«ምን ይላል?» አለ ወንድሟ።

«እግሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ይላል» አለች።  

ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ሄደች። ሰብሳቢው ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሳ «ብረቱ ራሱ የሰጠው ቃል ነው» አላት።

«ሽቦውስ? መያዣዋን ያሰረበት ሽቦ?»

«ማሽኑን አይተነዋል እኮ። ምንም ሽቦ የለበትም።»

ወደ ዘበኛው ቤት ሄደች። ዘበኛው በሩን በግማሽ ከፍቶ «ያን ጊዜ ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር፣ እህቴ። በደንብ አላየሁም» አለ። ጎኗ ቆሞ «ኧረ ጉድ» ያለው ሰው! ልብስ ሰፊዋ ክው ብላ በሩ ላይ ቀረች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ሌላ ነገር ይበላት ጀመር። ሽቦው ሲታሰር እሷም አይታ ስቃ የለ? ዘበኛው የዋሸው አንድ ቀን ነው፤ እሷስ ከእሱ በፊት ዝም አላለችም?

ወንድሟ «ብረቱን ባንድ እጄም ቢሆን አንቀዋለሁ» ብሎ ተነሳ። አስቀመጠችውና ብቻዋን ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ብረቱ መስኮቱ ሥር ተኝቷል። እግሩ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ከፍ ተደርጓል። አጠገቡ አንዲት ወፍራም ሴት ሾርባ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ ሚስቱ ናት። ልብስ ሰፊዋ ገና ማን መሆኗን ስትናገር ሴትዮዋ ሳህኑን አስቀምጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ ነሽ? አንቺ ነሽ ልብስ ሰፊዋ? ነፍሱን ያተረፍሽልኝ! ሌሎቹ ሲደርቁ እሷ ናት ሞተሩን ያጠፋችው ብሎ ነግሮኛል። ሁለት የእግር ጣት ብቻ ነው የሄደው፤ አንቺ ባትኖሪ እግሩ ነበር!»

ብረቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።  ልብስ ሰፊዋ ልትጮህ ነበር የመጣችው፤ እቅፍ ይጠብቀኛል ብላ አላሰበችም።

ሚስቲቱ ደስታዋን ስላልቻለች ወሬዋን ቀጠለች። «አሁን ደግሞ እንደ ሕፃን አጎርሰዋለሁ። ማንኪያውስ ቀላል ነው። ቀኝ እጁ ከደነዘዘ እኮ ዓመት አለፈው፤ ሸሚዙን ስቆልፍለት የኖርኩት እኔ ነኝ። ለሰው አትንገሪ ይለኛል፣ ወንድ አይደል...»

«ሴትዮ!» አለ ብረቱ።

 የልብስ ሰፊዋ ዓይን ብርድ ልብሱ ላይ የተጋደመው ቀኝ እጅ ላይ አረፈ። ሃያ ዓመት ብረት የፈታ እጅ፤ አሁን እንደ ባዶ ጓንት ተኝቷል። ቀይዋን መያዣ ጨብጦ መቆየት አይችልም ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ሽቦው።

ቦርሳዋን ከፈተችና ደብዳቤውን ለሚስቱ ሰጠቻት። «አንብቢልኝ» አለች። «ጮክ ብለሽ።»

ሚስቲቱ ማንበብ ጀመረች። በሁለተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ዝግ አለ፤ በሦስተኛው ቆመ። ባሏን አየችው። እንደ እንግዳ ሰው ነው ያየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ብረቱ ብርድ ልብሱን በግራ እጁ ወደ ደረቱ ሳበ።

«አንተ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። እስከዛሬ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት። «ለሚስትህ የነገርከውን ለምን ለእነሱ አልነገርክም?»

«እጄ መሞቱ ከታወቀ ያባርሩኛል» አለ ወደ ጣሪያው እያየ። ያ ጎርናና ድምፅ ቀጭን ሆኗል። «እጅ የሌለው መካኒክ ምንድን ነው? አንቺ የስፌት መኪናሽ አለሽ ብዬ ነው።»

«እኔስ ስም የለኝም?»

 ደብዳቤውን ከሚስቱ እጅ አልተቀበለችም፤ እዚያው ትታው ወጣች።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢው ራሱ ደጇ ድረስ መጣ። ብረቱ ቃሉን ቀይሯል፤ በሚስቱ እጅ አስጽፎ በግራ እጁ ፈርሟል። ሰብሳቢው ይቅርታ ጠይቆ ገና ሳይጨርስ ከኋላው ዘበኛው ብቅ አለ። ከኪሱ አንዲት የተጣመመች ሽቦ አውጥቶ የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት።

«ሰዉ ወደ መኪናው ሲሮጥ የፈታኋት እኔ ነኝ» አለ። «እሱን ላድን ብዬ ነበር። ባንቺ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም፤ ሲዞር ደግሞ ፈራሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ሽቦዋን አየቻት፣ እሱን አየችው። «ይህን ሁሉ ቀን ኪስህ ውስጥ እየወጋችህ?» አለችው።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። የመጣበት ሌላም ጉዳይ ነበረው፦ ሥልጠናው ተቋርጧል፣ ተረኞች ይጠብቃሉ፣ ከሠለጠኑት ውስጥ ማሽኑን በጆሮዋ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ታሠለጥናለች ወይ?

«እኔ?» አለች። መቀሷ ከእጇ ላይ ወደቀ። ወንድሟ ከውስጥ ሆኖ ሳቀ።

አንድ ቀን አሰበችበት። እሺ ያለችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ብረቱ ከሥራ አይባረርም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአፉ ያስተምራል፣ እጁ እሷ ትሆናለች። ይቅር ብላው አልነበረም። የምታውቀው የሦስት ቀን ትምህርት ነው፤ የሃያ ዓመቱ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ከአደጋው በኋላ በሰባተኛው ሳምንት ብረቱ በክራንች እያነከሰ መጥቶ ከአጥሩ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሰላም ሲላት ዓይኗን አላየም። አዳዲሶቹ ሠልጣኞች ከበዋታል። ማለስለሻው ተገጥሟል። ሞተሩን አስነሳች፣ ስለቱን አቆመች፣ ማቆሟን ሁለቴ አየች፣ ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ማርሹ ሰደደች።

ያን ጊዜ መጣባት። ያ ሁሉ ድንጋጤ፣ ያን ቀን የት ተደብቆ እንደነበር የማይታወቀው፣ በአንዴ መጣ። ጥርሷ ተንገጫገጨ፣ መያዣዋ ከእጇ ሸሸች። ማሽኑ ቆመ። እሷም አፈሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እንደ ብርድ በሽተኛ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሠልጣኞቹ ተደናግጠው ሊያነሷት ተንደረደሩ።

«ተዉአት!» አለ ብረቱ ከወንበሩ ላይ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔንም ሌት ተቀን ይይዘኛል፣ እትዬ። ያልፋል። ጥቂት ይቆያል እንጂ ያልፋል።»

ቀና ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም ዓይኗን እያየ ነበር።

መንቀጥቀጡ እስኪተዋት ድረስ ተቀመጠች፤ ማንም አልቸኮለባትም። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

«እንግዲህ» አለች ለሠልጣኞቹ፣ ድምፅዋ ገና ሳይረጋ፣ «ከኋላዬ ራቅ በሉ። አሥር እርምጃ። አይ፣ አሥራ አምስት ይሁን።»