ሃያ ሦስት ቁጥር

መምህርቷ የነገውን ንግግሯን ለአክስቷ ለማሰማት ስትቀመጥ አክስቷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ፕሮፌሰር የምትባለውም የማትባለውም በዚህ ንግግር ነው፤ አምስት የኮሚቴ አባላት ቁጭ ብለው ይፈርዱባታል። ሃያ ዓመት ያጠናችው ስለ ሥራና ስለ ሰው መበላለጥ ነው። በዚህ ጉዳይ አንዴ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም፤ ባልደረቦቿም ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ ከመቀመጣቸው በፊት ሁለቴ ያስባሉ።

አክስቷ ግን ታዳምጣለች። ሠላሳ ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። የመምህርቷም እናት እዚያው መስመር ላይ ትሠራ ነበር፤ ያረፈችው ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰች በወሩ ነው። ከዚያ ወዲያ እናትም አባትም አክስቷ ሆነች። የእህቷ ልጅ የጻፈችውን መጽሐፍ አቧራውን በየሳምንቱ ትጠርግለታለች እንጂ ገልጣው አታውቅም።

መጽሐፉ የተጻፈው ፋብሪካው ሲዘጋ ከመጋዘን ከወጡ አሮጌ ካርዶች ነው። እያንዳንዱ የኮሌታ እስር ትንሽ ቲኬት አለው፤ ሰፊዋ ስትጨርስ ቆርጣ ካርዷ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ተቆጣጣሪው ማታ ይቆጥራል። የቀኑን ኮታ፣ አርባ እስር፣ ሦስት ቀን ያልሞላች ትሰናበታለች። ካርዶቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው።

የሌሎቹ ካርድ አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። ሃያ ሦስት ቁጥር ግን ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ልክ አርባ ናት። የነገው ንግግር የቆመው በዚህች ሴት ላይ ነው፤ አክስቷ ስለ እሷ ስትሰማ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ፍርሃት ሰውን እንደ ሰዓት ያስተካክለዋል» ብላ መምህርቷ አነበበች። «ይህች ሴት ከኮታው የምታልፍበት ጉልበትም፣ የምትጎድልበት ድፍረትም አልነበራትም።»

አክስቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ፈሪስ አልነበረችም» አለች። «እነዚያን ቲኬቶች የለጠፍነው እኛ ነን።»

ከዚያ በኋላ ቃሉ ተያይዞ ወጣ። ሴትዮዋ ታማ ነበር፤ በቀን ሃያ መጨረስ እንኳ አቅቷት ነበር። የመስመሩ ሴቶች በየተራ ከራሳቸው ቲኬት እየቀነሱ ካርዷ ላይ ይለጥፉላታል፤ አርባ ሲሞላ ያቆማሉ፣ ከበለጠ ተቆጣጣሪው ይነቃል። የሌሎቹ ካርድ ከፍ ዝቅ የሚለውም ለዚህ ነው።

መምህርቷ ማን እንደነበረች ጠየቀች። ስትጠይቅ ግን ልቧ ቀድሞ አውቆት ነበር።

«እናትሽ ናት» አለች አክስቷ። «ልጄ ትምህርቷን እስክትጨርስ ልቆይ አለችን። እንዳንነግርሽም አስምላናለች። እናቴ በላቧ አስተማረችኝ ትበል አለች።»

መምህርቷ ወረቀቱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አሥራ አምስት ዓመት በየአዳራሹ ፈሪ እያለች ስታማት የኖረችው የገዛ እናቷን ነው። አክስቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጭንቅላቷን ደባበሰችላት፤ ንግግሩንም እንዳለ እንድታነበው መከረቻት። እናቷ የደከመችው ልጇ ከፍ እንድትል ነው፣ ከሞት ወዲያ ደግሞ ማንም አይቀየምም። መምህርቷ እንባዋን ጠርጋ ብዕር አነሳች።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መምህርቷ የካርዶቹን ቁጥር የያዘውን ሰንጠረዥ አሳየችና፣ ስለ ሃያ ሦስት ቁጥር የጻፈችው ሁሉ ስህተት እንደሆነ፣ ሴትዮዋ እናቷ እንደነበረች፣ አርባውም የብዙ ሴቶች እጅ እንደሆነ ተናገረች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለዚህ አባባል ማስረጃው በየትኛው ሰነድ ላይ እንደሚገኝ ጠየቁ።

መምህርቷ እጇን ወደ ፊተኛው ረድፍ ዘረጋች። አክስቷ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች።

«የኔ ቁጥር ሃያ አራት ነበር» አለች። «ከጎኗ ነበር የምቀመጠው።»