ከሰባት ዓመት በፊት በሕይወት ነበሩ

ሐጂ አብዱልሰመድ በቡና ጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ከመንደራቸው ከየቡ ሲመጡ ከሩቅ አውቃቸዋለሁ። የአውራጃችን ከተማ መርካቶ ውስጥ፣ ማመልከቻ ከምጽፍበት በረንዳ ፊት ይወርዱና ልብሳቸውን እንኳ ሳያራግፉ ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ ይጥሉታል።

«አብተው፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አሉ?»

ሐጂ ሃያ ሁለት ዓመት በእንግሊዝ መርከቦች ሞተር ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። የሚኖሩት ካርዲፍ በምትባል ወደብ ነበር። ከደመወዛቸው በየወሩ ለጡረታ ይቆረጥ ነበር፤ ከተረፈው እዚሁ ከተማ መንደራ ቆጪ ላይ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች አሠሩ። ቤቶቹ በአዋጅ ተወረሱ። ጠቅልለው ሲገቡ የቀረቻቸው ያቺው ጡረታ ናት። እሳቸውና ባለቤታቸው ዙቤይዳ የሚበሉት ከሷ ነው።

እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ማንበብ የሚችሉት ግን ዐረብኛ ብቻ ነው። እኔም ከመዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ በቀር አስተማሪ አልነበረኝም።

በጥቅምት ጡረታውን የሚከፍለው የመርከብ ኩባንያ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ በሕይወት መኖራቸውንና ኑሯቸው ከእንግሊዝ ውጭ መሆኑን። ሁለተኛውን ካላረጋገጡ የዚያ አገር ግብር ከጡረታቸው ይቆረጣል። የቀበሌው ሰዎች በአማርኛ ጻፉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፣ ሁለቱም ላይ ማኅተም ተመታ፣ ላክን።

መልሱ ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ መጣ። ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ ተረጎምኩላቸው።

«የላኩት ወረቀት በ1972 በሕይወት እንደነበሩ ያረጋግጣል ይላል። እኛ የጠየቅነው ግን ዛሬ መኖርዎን ነው ይላል።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«1972።»

«ኤጋ! ታዲያ የት ሞቼ ነው?»

ንባቤን ቀጠልኩ። «ከ1968 ጀምሮ የቡ ነዋሪ ነኝ ብለዋል…»

«ብያለሁ! አገር ይመስክር!»

«…የቡ እየኖሩ ሰባት ዓመት ሙሉ ለእንግሊዝ ነዋሪ የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ ወስደዋል። እስኪጣራ ጡረታዎ ታግዷል።»

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «የቡ ቁጭ ብዬ ነው መርከብ ላይ የሠራሁት? በየትኛው ባሕር? በጊቤ?»

ዛሬም እንዳሉ የሚመሰክር ወረቀት ልናወጣ ቀበሌ ሄድን። ማኅተም ያዡ ለቡና ለቀማ ዘመቻ ወጥቷል። በሳምንቱ ተመለስን፤ አልገባም። በሦስተኛው አገኘነው። በጥር ተረጎምኩና ላክን። በመጋቢት መልስ መጣ፦ አሁንም የላካችሁት የ1972 ወረቀት ነው፤ እባካችሁ አዲስ ላኩ።

«ዙቤይዳ ጉትቻዋን ሸጠች» አሉኝ ሐጂ። «ትናንት ደግሞ ለሞተ ሰው ምሳ አላቀርብም አለችኝ። መሳቋ ነው። ግን ምሳውም አልነበረም።»

ያን ቀን ቤት ያለውን ወረቀት ሁሉ እንዲያመጡ ለመንኳቸው። በማግስቱ የመርከበኛ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ኦክቶበር 1975 የሚል ማኅተም አለ።

«ከመርከብ የወረዱት በ1975 ነው?»

«አዎ፣ በሰባ አምስት።»

«የቡስ የገቡት?»

«በዚያው ወር ነዋ! በስልሳ ስምንት።»

ሲናገሩት ምንም አልከበዳቸውም። እኔም ስሰማው ምንም ሳይመስለኝ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልሄድ ነበር። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፦ 1975፣ 1968።

የላክናቸውን ትርጉሞች ቅጂ አወጣሁ። ጥቅምትን ኦክቶበር ብዬዋለሁ፤ ጥርን ጃንዋሪ። ዓመቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤ ቁጥር ትርጉም የሚያስፈልገው አልመሰለኝም።

ጥፋቱን የቀበሌው ነው ብል ማንም አያውቅም ነበር። ጠዋት ኪዳን አድርሼ ነው የወጣሁት፤ አፌ እንቢ አለኝ።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ቅጂውን በጣታቸው መቱት። «ለዚያ ወረቀት ስንት ነበር የከፈልኩህ?»

«ሁለት ብር።»

«አስታግፊሩላህ! በሁለት ብር ሰባት ዓመት ቀበርከኝ!»

አብሬያቸው በጭነት መኪናው የቡ ወረድኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነጋሳ የእኛንም የፈረንጅንም ቀን የጻፍኩበትን አዲስ ወረቀት በሩቁ ይዞ አየው።

«የፈረንጅ ቀን ላይ ማኅተም ልምታ? ነገ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከኋላዎ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ መንግሥት ያተመው ነው። ሁለቱም ቀን አለበት።»

ዞሮ አፍጥጦ አየው። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለው ከጀርባው ሲሰቀል ትንንሾቹን ቁጥሮች ልብ ብሏቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። «ይሁን፣ ነገ ተመለሱ።»

ሐጂ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ነገ ስል እነሱ ዘንድ ሰባት ዓመት ያልፋል። አልነሣም።»

ነጋሳ ሳቁ አመለጠው፤ ማኅተሙንም መታው።

በሰኔ መልስ መጣ። የግብሩ ጥያቄ ቀርቷል፤ የታገደው ተጠራቅሞ ይከፈላል፤ ይሁንና በየዓመቱ በኦክቶበር በሕይወት መኖራቸውን ያሳውቁ። ሐጂ ሁለት ብር ዘረጉልኝ። አልቀበልም አልኩ።

«እንግዲያው የመጪውን ጥቅምት አሁኑኑ እንቁጠር። የኔ፣ የፈረንጁ፣ ሰማንያ» አሉ።

«የኔ፣ የአገራችን፣ ሰባ ሦስት» አልኩ።

እሳቸው በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ እኔም ቆጠርኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ወስደው ሁለቱንም ዓመት በዐረብኛ ቁጥር ፖስታው ጀርባ ላይ ጻፉ፤ እኔን ማመን ትተዋል።

«የሒጅራውንስ ልጨምርበት?»

«ሐጂ፣ ስለ ፈጠረን አምላክ፣ እሱን ይተዉት!»