ጭቃውን ለኔ ተይው

ለመሆኑ ሰው ለቅሶ ቤት መጥቶ ስለ መኪና ዲፈረንሻል ያወራል? መካኒኩ ጂብሪል አወራ። ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ የናዝሬትን አቧራ ከሱሪው ላይ አራገፈ፣ ከዚያ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ መሄድ ሲገባው በቀጥታ የሟቹ የሰንበታ ሚስት ዘርፉ የተቀመጠችበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

“አላህ ያጽናሽ” አላትና ዝም አለ። ዝምታውን እዚያው ቢቀጥልበት ምን ነበረበት!

“ዘርፉ፣ ያ ዕቃ ተገኘ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ከተገለበጠ መኪና ላይ የተፈታ ነው፣ ልክ እንደናንተው ዓይነት። ዲፈረንሻሉ ከነመቆለፊያው። አንድ የሞጆ ሹፌር ከነገ ወዲያ ጠዋት ሊወስደው ይመጣል። እኔ ደግሞ የሰንበታን ቤት ሳልጠይቅ ለማንም መስጠት ከበደኝ።”

እማማ አማረች ንፍሮ ሊያዞሩ ጎንበስ እንዳሉ ሰሙት። ጎረቤት ናቸው፤ ከቀብሩ ጀምሮ ቤቱን እንደራሳቸው ቤት ይዘውታል።

“አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ሬሳው ከወጣ ገና ማግስቱ ነው፤ ስለ ብረት ትነግራታለህ?”

“እማማ፣ እኔ መች ቸኮልኩ፤ የሞጆው ሰውዬ ነው የቸኮለው።”

ዘርፉ ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ ከ“አሜን” በቀር አንድ ቃል አልወጣትም ነበር። የሚያጽናኗት ሁሉ እጇን ጨብጠው፣ ከንፈራቸውን መጠው፣ ምንም ሳትመልስላቸው አልፈዋል። አሁን ግን ቀና አለች።

“ለመግጠም ስንት ቀን ይፈጅብሃል?” አለች።

እማማ አማረች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ለቀስተኛው ቢያማ አልፈርድበትም። ሰንበታ እሑድ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ በዚያው አሸለበ፤ ልቡ ናት አሉ። ኧረ ደህና ነበር፣ ጠዋት ገበያ አይቼዋለሁ የማይል የለም። እና ሚስቱ እንባዋ ሳይደርቅ ስለ መኪና ታወራለች። ወሬው ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ሻይ ወደሚፈላበት ጓሮ ሄዶ፣ ከፍ ብሎ ተመለሰ። ቡና ከገበያ በጠፋበት በዚያ ዘመን ለቀስተኛ የሚያሰነብተው ሻይና ወሬ ነበር። ጓዳ ውስጥ የነዘርፉ ጸሎት ቤት ሰዎች፣ ቤቱ ከታሸገባቸው ዓመታት ያለፋቸው ምስኪኖች፣ የቀበሌ ጆሮ እንዳይሰማቸው ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ዘርፉ ከመዝሙሩም ከሐሜቱም መሀል ተቀምጣ የምታስበው የአቦምሳን ጭቃ ነበር።

ሰንበታን ለማያውቅ ልንገረው። ሰንበታ ማለት የአቦምሳ መንገድ ማለት ነው። በዚያች ሰማያዊ ፒካፕ ጨውና ሳሙና ወስዶ ሽንኩርትና ፍየል ይመልሳል፤ በሽተኛ ካለ ግን ሽንኩርቱ ይወርዳል፣ በሽተኛው ይጫናል። ክረምት ገብቶ ከከተማው ወዲያ ያለው መረሬ የሚሉት ጥቁር አፈር ሲለቀቅ ሌሎቹ ሹፌሮች ዳር ላይ መኪናቸውን አቁመው ካርታ ይጫወታሉ። እሱ ይገባል። ደግሞም ይወጣል!

ዘርፉ አወጣጡን በዓይኗ አይታለች። ረዳቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሲቀር ረዳቱ እሷ ሆነች። ሴት ረዳት! ሞጆ ላይ የቆሙ ሹፌሮች “ሰንበታ፣ ረዳትህ ሻሽ አሰረ እንዴ?” እያሉ ሲያሾፉበት፣ እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ “የናንተ ረዳት ወጥ ይሠራል?” ይላቸዋል። መንዳትም ያስተማራት እሱ ነው፤ መንጃ ፈቃዷን ያወጣች ቀን ከናዝሬት እስከ ሞጆ ጥሩምባ እየነፋ አስነዳት።

አንድ ነገር ግን ነበር። አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር “በይ ውረጂ፣ ጭቃውን ለኔ ተይው” ይላታል። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ መጀመሪያ በእግሩ ይገባበታል። የቱ ጋ ሥሩ ድንጋይ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደሚውጥ በእግሩ መዳፍ ያውቃል። ከዚያ በጭቃ እግሩ ይገባና ሳይጣደፍ ይነዳዋል። አንዱ ጎማ በባዶ መሽከርከር ሲጀምር በግራ እግሩ ፍሬኑን ነካ፣ በቀኝ ነዳጁን ነካ ያደርጋል፤ ሲያሽከረክር የነበረው ጎማ አደብ ይገዛል፣ ቆሞ የነበረው ይነሳል። ያን ጊዜ ዘርፉ ዳር ላይ ቆማ ጭቃ እየተረጨባት “ወንድ!” ትላለች፤ የምር ነው የምትለው።

የመቆለፊያውን ወሬ ያመጣው ጂብሪል ነው። “አየሽ፣ ጭቃ ላይ ዲፈረንሻል ጉልበቱን ሁሉ ለሚንሸራተተው ጎማ ይሰጥና ደህናውን ያስቆመዋል። መቆለፊያ ካለው ግን ሁለቱ ጎማ አንድ ላይ ይዞራል፤ ወደደም ጠላም!” ብሎ አስረዳት። እሷም ያዘችው። በየሄዱበት “እናስገጥም” ስትለው ሰንበታ ይስቃል።

“ስሚ፣ ዘርፌ። እሱ ያለው ሹፌር ይደፍራል። ማንም ከማያወጣው ጉድጓድ ይገባል። ደግሞ አስፋልት ላይ መፍታቱን ከረሳሽው ዕቃ ሰብሮ ቁጭ ያደርግሻል። እኔ እግሬ አለኝ፣ ምን አደርግለታለሁ?”

እንዲህ ሲሳሳቁ ዓመታት አለፉ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ስታነሳበት አይስቅም ነበር። ዝም ይላል። ዘርፉ ግትርነት መስሏት ተናዳ ታውቃለች።

በማግስቱ የሰንበታ ታናሽ ወንድም ደገፋ ከላንጋኖ ደረሰ። እዚያ የሆቴል መኪና ይነዳል። ገና ከበሩ “ወንድሜ! ጋሻዬ!” እያለ ገብቶ መሬት ላይ ወደቀ፤ ድንኳኑን እንደገና አስለቀሰው። ሲረጋጋ ወሬውን ሰማ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እማማ አማረች ናቸው ብዬ ብጠረጥር ግን አልኮነንም።

“እትዬ” አላት አጠገቧ ተቀምጦ። “የምሰማው እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“እኔ ልሙት! የሰንበታ መኪና ላይ ያን ብረት መግጠም ማለት እኮ ሰንበታ አይችልም ነበር ማለት ነው። አገር ምን ይላል?”

“ሰንበታማ ይችል ነበር” አለች ዘርፉ። “ሰንበታ ግን የለም።”

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷ ሰማችውና ደነገጠች። እስካሁን ሌሎቹ ሲሉት እንጂ እሷ ብላው አታውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ ደገፋም ተከትሎ አለቀሰ። ቢሆንም ክርክሩን አልተወም።

“እሺ፣ ማን ሊነዳው ነው?”

“እኔ።”

“አንቺ አስፋልት ነው የምታውቂው! ጭቃ መቼ ነድተሽ? ከፈለግሽ የአሰላን መንገድ ሥሪ፣ ሞጆ ተመላለሺ፤ በቂሽ ነው። ለዚያ ደግሞ መቆለፊያ አያስፈልግሽም። አቦምሳን ተይው።”

እውነቱን ነው። ቤቷን አስፋልቱ ያኖራታል። መቆለፊያውን እንቢ ካለች የሰንበታ ስም እንዳለ ይቀመጣል፤ እሷም እንደ ሰው በወግ ታዝናለች። ግን ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ከአቦምሳ ወዲያ ያሉትን በሽተኞች ማን ሊያወጣቸው ነው? አቅሟንም አላወቀችም። ፈርታለች። ሌላ ምን ልበል፣ በጣም ነው የፈራችው።

ከሰዓት በኋላ ከአቦምሳ ወዲያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ኦቦ ሆራ ይባላሉ። ግማሹን መንገድ በእግራቸው፣ ግማሹን በቲማቲም ጭነት ላይ ነው የመጡት። የዘርፉን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ” አሉ።

“እንደ ሰንበታ ያለ ሹፌር አይገኝም” አለ ደገፋ፣ ሽማግሌው እንዲያግዙት ብሎ። “እውነት አይደለም ወይ አባባ? ጭቃ አንድ ቀን ይዞት ያውቃል?”

“ይዞታል” አሉ ኦቦ ሆራ።

ደገፋ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

“ባለፈው ክረምት የልጄ ሚስት ምጥ ያዛት። ሰንበታ መጣ፣ ጫናት። ወንዙን አለፍን፤ ከዚያ ያዘን። በእግሩ ገባ፣ ቅጠል አነጠፈ፣ ድንጋይ ሞላ፣ ፍሬኑንም እንደሚያደርገው አደረገ። አንዱ ጎማ ይዞራል፣ አንዱ ቆሟል። ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ልጅቷ ትጮኻለች። ከዚያ ወረደና ‘ቃሬዛ ሥሩ’ አለን። የፊቱን ቀኝ ያዘ። እኛ እየተቀያየርን ያዝን፤ እሱ ግን ‘ቀይር’ ብንለው እንቢ አለ። ከቀትር እስከ ማታ፣ እስከ አስፋልት ድረስ ተሸከማት።”

“ያን ቀን እኔ ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር” አለች ዘርፉ በቀስታ።

“እናቲቱ ዳነች። ሕፃኑ አልተረፈም። ሰንበታ ሆስፒታሉ አጥር ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ ‘ኦቦ ሆራ፣ ለዘርፉ እንዳይነግሯት’ አለኝ። ቃሌን ጠብቄ ነበር። በበጋ ተመልሶ መጣና ያን ቦታ ከኛ ጋር ድንጋይ ሞላ። አሁን እዚያ ጋ አይዝም። ግን መንገዱ ረጅም ነው ልጄ፣ ሁሉን በድንጋይ አንሞላውም።”

ዘርፉ ትከሻውን አስታወሰች። አብጦ፣ ተልጦ መጥቶ ነበር። “የሽንኩርት ጆንያ ነው፣ መኪናውም ትንሽ አስቸገረኝ” ብሏት ቫዝሊን ቀብታዋለች። እየቀባችው ስለ መቆለፊያው ነዝንዛዋለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዝም አላት። ግትርነት አልነበረም። መሸነፉንም ጭቃውንም ለብቻው ይዞ፣ እሷን አስፋልቱ ላይ ትቷት ኖረ። ተናደደችበት። ደግሞ እንደዚያን ሰዓት ወዳው አታውቅም።

“አንተ ሰው!” አለች ጮክ ብላ፤ የሚሰማት ይስማት። “አንተ የኔ ጉድ! ምነው ቃሬዛውን አንድ ጫፍ ብታሲዘኝ!”

እማማ አማረች አብረው አነቡ። ደገፋ ጋቢውን ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል። ዘርፉ ፊቷን ጠርጋ ወደሱ ዞረች።

“ደገፋ፣ የወንድምህ እጅ ከሱ ጋር ሄዷል። እኔ ያ እጅ የለኝም። ስለዚህ ብረቱ ይገጠማል። ጭቃውንም እማረዋለሁ፤ ኦቦ ሆራ የሚውጠውን ቦታ ያሳዩኛል።”

“አሳይሻለሁ” አሉ ሽማግሌው።

ደገፋ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። ከዚያ “አስፋልት ስትደርሺ መፍታቱን እንዳትረሺ” አላት።

በማግስቱ ጠዋት የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ሲፈቱ ዘርፉ በጥቁር ልብሷ ቁልፍ ይዛ ወጣች። ሐዘንተኛ እንዲህ ቶሎ ከቤት መውጣቷ ነውር ነው፤ አንዲት ሴት “ኧረ ጉድ!” ስትል እማማ አማረች “ዝም በይ!” አሏት። ጂብሪል በር ላይ ቆሟል።

“ጋራዥ ድረስ እኔ ላድርስልሽ፣ እህቴ።”

“አይ፣ ራሴ አደርሰዋለሁ።”

ገብታ ተቀመጠች። እግሯን ብትሰድ ፔዳሉ አልደረሰላትም። አስፋልት ላይ ስትነዳ ከጀርባዋ ትራስ ታደርግ ነበር፤ ሰንበታ ረጅም ስለነበረ መቀመጫውን የነካው ሰው የለም። ጎንበስ ብላ ከሥር ያለውን ማንሻ ሳበች። አልነቃነቅ አለ፤ ሐዲዱ ውስጥ ጭቃ ደርቆበታል። ደገፋ ሳይጠራ መጥቶ ከኋላ በትከሻው ገፋላት። መቀመጫው ሲጢጥ አለና ጥርስ በጥርስ ወደ ፊት መጣ፤ መሪው ደረቷ አጠገብ ደረሰ። እግሯ ፔዳሉን ረገጠ።

“በቃ፣ ተስተካከለ” አለ ደገፋ።

ዘርፉ ማንሻውን መልሳ ያዘችና መቀመጫውን አንድ ጥርስ ብቻ ወደ ኋላ መለሰችው።

“ራቀብሽ እኮ፣ እትዬ።”

“ያቺ የሱ ትሁን፤ ይደርሳል” አለች፣ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ፍሪሲዮኑን እየረገጠች፤ ሞተሩንም አስነሳች።