የይቻላል መጋረጃ

ታናሽ እህቴን ሰው ሁሉ «ይቻላል» ብሎ ነው የሚጠራት። መርፌ ቢሰበር ይቻላል፣ መብራት ቢጠፋ ይቻላል፣ ደንበኛ በማይሆን ቀን ቢቀጥር ይቻላል። እኔ ቃሉን አልወደውም ነበር። እናታችንን አባታችን ባስከፋት ቁጥር ጎረቤት እየመጣ «ቻይው» ይላት ነበር፤ ስትችል ስትችል አረጀች። ለእኔ መቻል ማለት አፍን ይዞ መሸከም ነው።

ይሁንና እውነቱን ለመናገር፣ መቀስ የያዝኩት በእሷ ቃል ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ ተኝቼ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ፣ መጥታ ብርድ ልብሴን ገፈፈችና «ተነሺ እትዬ፣ ስፌት ቤቴ ጨርቅ ትቆርጫለሽ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ብላት ያንኑ ቃሏን ደገመች። ሰፊዎቹንም «ነገ እናንተም የራሳችሁን ትከፍታላችሁ» ትላቸዋለች። ሠራተኛውን ጥለኸኝ ሂድ ብሎ የሚመክር አሠሪ የት አለ?

አንድ አዲስ ሆቴል ለአዳራሹ ቀይ የከፈይ መጋረጃ አዘዘን። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አግኝተን አናውቅም። ያላትን ሁሉ ጨርቁ ላይ አፈሰሰች፤ ሥራው ከተበላሸ ስፌት ቤቱ ይዘጋል፣ እኛም ወደየመጣንበት።

ከፈይ ፀጉር አለው። ወደ ታች ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይሻክራል፤ ከተዘቀዘቀ መልኩም ይቀየራል። ስለዚህ ባንድ አቅጣጫ እየተነጠፈ ነው የሚቆረጠው። እሷ ግን ቸኩላለች።

«ወዲያና ወዲህ እያጠፍን እንደራርበውና ባንዴ ቁረጪው» አለች።

«ግማሹ ይገለበጣል፤ አይሆንም።»

«እትዬ ደግሞ፣ ይቻላል።»

አሠሪዬ እሷ ናት። ቆረጥኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሰቅለነው ስናበቃ አንዱ መጋረጃ ቀይ፣ ቀጥሎ ያለው ጠቆር ያለ፣ ደግሞ ቀይ፣ ደግሞ ጠቆር። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቀና ብሎ አየና «ነገ ከሰዓት እንግዳ አለብኝ፤ አውርዱልኝ» አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለን ነበር።

እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ ይሄንስ አልችለውም።»

ይህን ከአፏ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ስሰማው ግን ተናደድኩ። እኔን ከአልጋ ያስነሳች ልጅ እዚህ ልትዘረፈጥ?

«ተነሺ» አልኳት። «ቻይው አልልሽም። የጠቆሩት የተዘቀዘቁት ናቸው። ላይና ታቹን ፈትተን፣ ገልብጠን መልሰን እንሰፋቸዋለን።»

«እስከ ነገ?»

«ይቻላል» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። ሰፊዎቹ ተያይተው ሳቁ፤ እሷም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

አወረድን፣ ፈታን፣ ገለበጥን፣ ሰፋን። የድሮውን የመርፌ ምልክት በእንፋሎት አጠፋነው። በማግስቱ እንግዶቹ ሳይደርሱ መልሰን ሰቀልን። ሥራ አስኪያጁ ከዳር እስከ ዳር እየዳበሰ ሄደና «የመኝታ ክፍሎቹንስ መቼ ትለኩልኛላችሁ?» አለ።

አሁን ደንበኛ ሲመጣ እህቴ እንደ ድሮው አትፈጥንም። ወደ እኔ ዞር ብላ «እትዬ፣ ይቻላል?» ትላለች። አንዳንዴ አይቻልም እላለሁ፤ ትሰማኛለች። ሰፊዎቹ ግን ስሟን ከእሷ ነጥቀው ለእኔ አወጡልኝ። ምን አደርጋለሁ፣ ቻልኩት።