የእትዬ ፌሊስቤላ ቋሊማ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ብታብል የኤርሚኒዮ ጢም ይርገፍ፤ ያን ጢም ደግሞ ከዚህ እስከ ስፔን ጠረፍ የማያውቀው የለም።

ያ የፖርቱጋል ቴሌቪዥን የዋጋ ግምት ጨዋታ ሞቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲነሣ ግን ሌላ ፍጥረት ሆኖ ተነሣ። ዱሮ ከረባት ያሰሩ ሰዎች የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዋጋ ይገምቱበት ነበር፤ አሁን መንደሩ ሁሉ እጅ መንሻውን ተሸክሞ አቅራቢው ፊት ይሰለፋል። ባዶ እጁን የሚሄድ የለም። ቫልዲኮርቮ የምትባለው መንደርም ሃምሳ ሰው በአውቶቡስ ጭና ስትልክ፣ የእትዬ ፌሊስቤላን ቋሊማ ለኤርሚኒዮ በአደራ ሰጠች። እሱ «በአውቶቡስ ሄጄ በመኪና እመለሳለሁ» ብሎ ለአገር ምድሩ ነግሮ ነበራ!

መንገዱ አምስት ሰዓት ነው። በቀይ ክር የታሰረው ቋሊማ ሁለት ክንድ ይሆናል፤ ሽታው ሙት ያስነሣል። ሊዝበን ሲገቡ ኤርሚኒዮ እጅ ላይ የቀረው ቀዩ ክር ብቻ ነበር። ሮጦ ከሱቅ የፋብሪካ ቋሊማ በአራት ዩሮ ከሰባ ሳንቲም ገዛና በዚያው ክር አሰረው።

ስሙ ተጠራ። አቅራቢው ቋሊማውን አሽትቶ «የሠራው እጅ ይባረክ!» ሲል፣ ከሃምሳው አንዷ የነበሩት እትዬ ፌሊስቤላ መቀመጫቸው ላይ ሆነው አለቀሱ። የኤርሚኒዮ ጆሮ በእፍረት ጋለ። ወዲያው ዋጋውን በትክክል የገመተ መኪና የሚወስድበት ዙር ደረሰ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ያው የፋብሪካ ቋሊማ!

«ዋጋው ስንት ነው ጌታዬ?»

እውነቱን ቢናገር መኪናው የሱ ነው። ግን ቋሊማ ከሱቅ ገዝቶ የማያውቅ የቫልዲኮርቮ ሰው ዋጋውን እስከ ሳንቲሟ ከየት አወቀ? እትዬ ፌሊስቤላ ያያሉ።

«አርባ ዩሮ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ኤርሚኒዮ ይህን ታሪክ በጎረቤት መንደር የቋሊማ ገበያ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተርኮ ሲጨርስ፣ አንዱ ሰሚ ጭኑን መታ፦ «አንተ ሰውዬ! ሌባም ጻድቅም ሆነህ አረፍከው እኮ!»

ከኋላው፣ ከመደቡ ወዲያ፣ አንዲት አሮጊት ቋሊማ በቀይ ክር እያሰሩ ነበር። እትዬ ፌሊስቤላ ናቸው። ቀና እንኳ አላሉም።

«ኤርሚኒዮ ልጄ፣ ስምህ መች ተጠራ? ቋሊማዬን እንዳቀፍክ አጠገቤ ዋልክ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆርሼ ለሁሉም አደልኩ። አንተ ብቻ አኩርፈህ አልበላም አልክ።»